የተከፈተ ግንኙነት መቼና የት ይዘጋ?

ወንድሜ፣ የፓይተን ፕሮግራምህ ጠዋት በደንብ ይሠራና ከሰዓት በኋላ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ አዲስ ግንኙነት አልቀበልም እንደሚልህ ጽፈሃል፤ በየፋንክሽኑ መጨረሻ ግንኙነቱን የሚዘጋውን «ክሎዝ» ብጨምር ይበቃል ወይ ብለህም ጠይቀሃል። አይበቃም። ፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው መስመር የሚደርሰው መሃል ላይ ስህተት ካልተነሣ ነው። ከተነሣ መዝጊያውን ዘሎ ይወጣል፤ ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ፖስትግሬስ ደግሞ ቅንብሩ ካልተነካ የሚፈቅደው 100 ግንኙነት ብቻ ነው።

ሥራውን «ትራይ» በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ መዝጊያውን ደግሞ ተከትሎት በሚመጣው «ፋይናሊ» ውስጥ አስገባው፤ ስህተት ኖረም አልኖረም ይፈጸማል። መክፈቻው ግን ከ«ትራይ» በላይ ይሁን። ውስጥ ከሆነና መክፈቱ ራሱ ካልተሳካ፣ «ፋይናሊ» ያልተፈጠረ ነገር ሊዘጋ ሲሞክር ሌላ ስህተት ያስነሣል፤ አንተም ዋናውን ትተህ ሁለተኛውን ስታሳድድ ትውላለህ።

ይህን ድግግሞሽ የሚያስቀርልህ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓይተን 2.5 ጋር የመጣው «ዊዝ» ነው፤ ከሥሩ ያለው ሥራ ሲያልቅ ለተከፈተው ነገር የተመደበውን የማጠናቀቂያ እርምጃ ራሱ ያስፈጽማል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ፒያሳ የሚገኝ አንድ መደብር የዕቃ መቆጣጠሪያውን እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሁሉንም በ«ዊዝ» ከፍቷል፤ ግንኙነቱ ግን ይጠራቀማል። (ባለቤቱ ጥፋቱን ሁሉ በኢንተርኔቱ ላይ ሲጭን ከርሟል።) ምክንያቱ ፓይተንን ከፖስትግሬስ ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ ነው፤ በሳይኮፒጂ 2 «ዊዝ» ትራንዛክሽኑን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦችን) ያጸድቃል ወይም ይሰርዛል እንጂ ግንኙነቱን አይዘጋም። ፕሮግራሙም የከፈታቸውን በአንድ ዝርዝር ይዞ ስለነበር ማንም አላስለቀቃቸውም። ሳይኮፒጂ 3 ግን ይዘጋል። ከፓይተን ጋር የሚመጣው የዳታቤዝ ላይብረሪ ኤስኪውላይት 3ም እንደ ሳይኮፒጂ 2 አይዘጋም። መፍትሔው ግንኙነቱን «ኮንቴክስትሊብ» ከሚባለው የፓይተን ሞጁል በሚገኘው «ክሎዚንግ» መጠቅለል ነበር።

ብዙ ፋይልና ግንኙነት በአንድ ጊዜ የምትከፍት ከሆነ እዚያው ሞጁል ውስጥ «ኤግዚትስታክ» አለልህ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ይይዝና መጨረሻ የተከፈተውን አስቀድሞ ይዘጋል።

መብራት ሲጠፋ ግን «ፋይናሊ»ም «ዊዝ»ም አይደርሱልህም፤ ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ቢሯችን ይህን ደጋግመን አይተነዋል። ስለዚህ አብረው መመዝገብ ያለባቸውን ሽያጭና ክምችት በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አድርጋቸው፤ ያልጸደቀውን ዳታቤዙ ራሱ ይጥለዋል።

አሁን በፖስትግሬስ ውስጥ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የሚባለውን፣ እንደ ሠንጠረዥ የሚነበብ እይታ (ቪው) ክፈትና ሥራ ፈትተው የተቀመጡት ግንኙነቶች ስንት እንደሆኑ ተመልከት። ቁጥሩንና ግንኙነቱን የሚከፍተውን ፋንክሽን እዚህ ለጥፍልን፤ የይለፍ ቃልህን ግን አስቀድመህ አውጣው።