መልስ፦ ጣና ላይ ስዋኝ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ለውድድርስ?

ወንድሜ፣ ከ50 ሜትር በኋላ ትንፋሽ ያጥረኛል ላልከው፣ የጉልበት ችግር አይመስለኝም። ብዙ ሰው ፊቱ ውሃ ውስጥ እያለ ትንፋሹን ይይዛል፤ አፉን ሲያወጣ ታዲያ ማስወጣትም መሳብም ባንዴ ይሆንበታል። አንተ ውሃ ውስጥ ሳለህ በአፍንጫህ አረፋ እየሠራህ ቀስ ብለህ አስወጣ፣ ዞር ስትል መሳብ ብቻ ይቀርሃል። ጭንቅላትህን ቀና አታድርግ፣ ዳሌህ ይሰምጣል። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ አጀማመርህን ረጋ አድርገው። ውድድር ላይ የጎንህን ሰው አትይ፣ የእጅህን ምት ቁጠር። መጀመሪያውን ግማሽ ቆጠብ በል፣ ከዚያ ልቀቀው። ጣና ላይ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ግባ፣ ብቻህን ግን በፍጹም! ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ እዚያ አትጠጋ።