ሐይቁን በእግር መሻገር የሚቻለው መቼ ነው? ስለ ሳቮንሊና የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በምሥራቅ ፊንላንድ፣ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ በሆነው በሳይማ ደሴቶች ላይ ስለ ተቆረቆረችው ስለ ሳቮንሊና ከተማ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትንም አሳጥሬ፣ እንደየክብደታቸው መልስ ሰጥቻለሁ።

*ከአዲስ አበባ የጻፉ አንባቢ የዓመት ፈቃዳቸውን ለመውሰድ አስበው፣ «በክረምት ብሄድ ይሻለኛል ወይስ በበጋ?» ይላሉ።*

«ክረምት» ያሉት የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ፣ በዚያ አገር የዓመቱ ሞቃት ወቅት ነው፤ «በጋ» ያሉት ታኅሣሥንና ጥርን ከሆነ ደግሞ የሚጠብቅዎ ከዜሮ በታች የሆነ ብርድ ነው። ስለዚህ ቲኬት ሲቆርጡም ሆነ ልብስ ሲገዙ ወቅቱን በወሩ ስም ይጥሩት። ከብርዱ ይልቅ እንግዳን የሚፈትነው ብርሃኑ ነው። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ ከ19 ሰዓት በላይ ትቆያለች፤ የምትጠልቀውም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወጥታ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትሰወራለች። የሰዓት ልዩነቱ አያሳስብዎ፤ በሞቃቱ ወቅት ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፣ በብርዱ ወራት ደግሞ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

መሄድ የሚችሉት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የእኔ ምርጫ መስከረም ነው። እኛ ደመራ በምንደምርበት ሰሞን የሐይቁ ዳር ዛፎች ቢጫና ቀይ ይለብሳሉ፣ ውሃው ይረጋል፣ የእንግዳውም ብዛት ይቀንሳል። በሰኔ አጋማሽ አካባቢ ከሚውለው፣ ዩሐኑስ ከሚባለው የሞቃቱ ወቅት በዓል ግን ቢጠነቀቁ ይሻላል፤ ሰው ሁሉ ወደየሐይቅ ዳር ጎጆው ስለሚሄድና ብዙ ሱቆች ስለሚዘጉ፣ ዘመድ የሌለው እንግዳ ከተማዋን ጭር ብላ ያገኛታል።

*ከዱባይ የጻፉልን እኅት ስለ ኦፔራው ሰምተው፣ «እዚያው ደርሼ ክፍል ባፈላልግ አይሆንም?» ብለዋል።*

አይሆንም። በ1475 እ.ኤ.አ. መገንባት በጀመረው በኦላቪንሊና ምሽግ ቅጥር ውስጥ የሚካሄደው ይህ ፌስቲቫል፣ ዘፋኟ አይኖ አክቴ በ1912 ከጀመረችው በኋላ ተቋርጦ የቆየ ቢሆንም ከ1967 ወዲህ የከተማዋ ዋና የሐምሌ ዝግጅት ሆኗል፤ በእነዚያ ሳምንታት ማደሪያ ይጠባል፣ ዋጋም ይንራል። ከወራት በፊት ክፍል ይያዙ፤ የድንጋዩ ቅጥር ማታ ማታ ስለሚቀዘቅዝም ወፍራም ልብስ ይያዙ።

*ከስቶክሆልም የጻፉ እናት፣ ተማሪ ልጃቸው በየካቲት ወደ ሳቮንሊና ሊሄድ መሆኑን ነግረውናል። ጓደኞቹ «ሐይቁ ሙሉ በሙሉ በረዶ ሆኗል፣ መኪና እንኳ ይሄድበታል» እያሉት ነው። እናቱ «ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ይላሉ።*

እመቤቴ፣ አይከልክሉት፤ ነገር ግን ይህን መልስ ያንብቡለት። የረጋን ሐይቅ በእግር እየረገጡ ከደሴት ወደ ደሴት መሄድ በሕይወት ዘመን የማይረሳ ነገር ነው፤ ልጅዎ ይህን ቢያጣ ያሳዝነኛል። የሚያስፈራኝ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል ነው።

እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ የረጋውን ውሃም «በረዶ» እያልን በአንድ ስም እንጠራለን። እዚያ ግን የሁለቱ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ፣ እኔ የሚወርደውን በስሜን ተራሮች እንደሚጠራው አመዳይ እለዋለሁ። አመዳይ ለሐይቁ እንደ ጋቢ ነው፤ ከላይ ሲደረብበት ብርዱ ወደ ውሃው እንዳይዘልቅ ስለሚከላከል፣ ከሥሩ ያለው በረዶ ሳይወፍር ይቀራል። ከላይ ሲታይ ወጥ ነጭ ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ከታች በአንድ ቦታ ግማሽ ሜትር፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ የእጅ መዳፍ ስፋት እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሳቮንሊና ደግሞ በተለይ ጥንቃቄ የምትሻ ከተማ ናት፤ የተሠራችው ውሃ ከአንዱ የሐይቁ ክፍል ወደ ሌላው በሚያልፍባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ነውና። በምሽጉ ሥር ባለው በኪሮንሳልሚ መተላለፊያ ወራጁ ኃይለኛ ስለሆነ ውሃው በጽኑ ብርድ እንኳ ክፍት ሆኖ ይታያል። ልጅዎ ከድልድዩ ላይ ቆሞ ይህን ጥቁር ውሃ ቢመለከተው ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ያስተምረዋል። በድልድዮች ሥር፣ በወንዝ መግቢያ፣ በሸምበቆ ዳር፣ በደሴቶችም መካከል ባሉ ጠባብ ቦታዎች በረዶው ሁልጊዜ ይሳሳል።

በአገሩ የተለመደው መለኪያ ይህ ነው፤ ጠንካራና ጥርት ያለ በረዶ ለአንድ እግረኛ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ለበረዶ ሞተር 15፣ ለቀላል መኪና ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ይህ ግን ለጠንካራ በረዶ ብቻ ነው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ፀሐይ የመታው በረዶ ወፍራም ሆኖ ሳለ ውስጡ ስለሚፈረካከስ፣ ያን ጊዜ በውፍረቱ መተማመን አይገባም።

ስለዚህ ልጅዎ ብቻውን አይውጣ። ምልክት ባለውና በተጠረገ መንገድ ይሂድ። አገሬው «ያናስካሊት» የሚለውን፣ በገመድ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ጥንድ የሾለ መያዣ ይግዛ፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ ያለ እርሱ ግን እርጥብና አንሸራታች በረዶን በባዶ እጅ ጨብጦ መውጣት እጅግ ይከብዳል። ቢወድቅ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይዙር፤ በዚያ በኩል ያለው በረዶ ክብደቱን ሲሸከም የቆየ ነውና። የሾለውን ብረት በበረዶው ላይ ተክሎ፣ እግሩን እያወራጨ ይውጣ፤ ከወጣም በኋላ ሳይቆም በሆዱ ይሳብ። ጓደኛው ሮጦ አይቅረበው፤ በሆዱ ተኝቶ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ያቀብለው፣ 112 ላይም ይደውል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምነው አንድ ነገር አለ። በየዕለቱ ከመውጣቱ በፊት በዚያ ሐይቅ ዳር የሚኖርን ሰው፣ ይልቁንም ዓሣ አጥማጅን ይጠይቅ። ዓሣ አጥማጁ «ዛሬ በዚያ በኩል አትሂድ» ካለው የጓደኞቹን ምክር ትቶ ይመለስ። በዚህ ጉዳይ የእኔ ጽሑፍ የእርሱን ቃል አይተካም።

*«የደም ግፊት አለብኝ፤ ሳውና ገብቼ ከዚያ በበረዶው ቀዳዳ ውስጥ ብጠመቅስ?»*

ለሳውናው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቀዳዳውን ግን ሐኪምዎ በግልጽ ሳይፈቅድልዎ አይሞክሩት፤ የቀዝቃዛው ውሃ ድንገተኛ ድንጋጤ ልብንና የደም ሥርን በአንድ ጊዜ ያጨናንቃል።

*ከባሕር ዳር የጻፉ መምህር «ባሕር የሌለው ሐይቅ ውስጥ አቆስጣ ይኖራል የሚባለው እውነት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።*

እውነት ነው። ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ከባሕር ተቆርጦ በሳይማ የቀረ ዝርያ ነው፤ ዛሬ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው። እናቲቱ በየካቲት በደሴቶች ዳር በተከመረ አመዳይ ውስጥ ዋሻ ሠርታ ትወልዳለች፤ አመዳይ ባነሰባቸው ዓመታት በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው እየቆለሉላት ነው። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው ተማሪም ቢሆን ከደሴቶቹ ዳር ካለው ክምር ይራቅ። ከሚያዝያ 7 እስከ ሰኔ 23 በአቆስጣው መኖሪያ አካባቢ በመረብ ማጥመድ የተገደበው ግልገሎቹ ተጠላልፈው እንዳይሰጥሙ ነው። ማየት ከፈለጉ በግንቦት ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ጠጉሩን ለመለወጥ በድንጋይ ላይ ተኝቶ ይውላል። ከሩቅ፣ በአስጎብኚ ጀልባ፣ በዝምታ ይመልከቱት።

*«ከጫካ ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ለእንግዳ ይፈቀዳል?»*

ይፈቀዳል፤ ሰው ከሚኖርበት ግቢ እስከ ራቁ ድረስ ክፍያም ሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ሰማያዊው ፍሬ በሐምሌና በነሐሴ፣ ቀዩ በመስከረም ይደርሳል። እንጉዳዩን ግን አዋቂ ሳያይልዎ አይብሉ፤ ጉበትን የሚያጠፋ ነጭ እንጉዳይ በዚያ ጫካ አለ፣ ሕመሙም የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰው ዘግይቶ ይነቃል።

*ከሄልሲንኪ የጻፉ ቤተሰብ ፋሲካን በቫላሞ ገዳም ማሳለፍ ይፈልጋሉ።*

በሄይናቬሲ፣ በሐይቅ ዳር ያለው ይህ ገዳም በ1940 እ.ኤ.አ. ከላዶጋ ሐይቅ በጦርነቱ ምክንያት የተሰደዱ መነኮሳት የመሠረቱት ነው፤ እንግዳም ይቀበላል። ሆኖም የፊንላንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን የምታከብረው ከምዕራባውያን ጋር ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ከእኛ ጋር ተገጣጥሞ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ በ2024 ግን የእነርሱ ከእኛ በአምስት ሳምንት ቀድሞ ነበር። ስለ ቁርባንና ስለ ጸሎት ተሳትፎ የሚነሣውን ጥያቄ የሚመልሱት የንስሐ አባታችሁ ናቸው፤ ሳትጠይቁ አትሂዱ።

*«ከሄልሲንኪ ባቡር አለ?»*

አለ፤ ፓሪካላ ላይ ይቀይራሉ፣ በጠቅላላው ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከፓሪካላ በኋላ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፤ በፑንካሃርዩ በኩል ሲያልፉ ሐይቁን ያዩታል።