ሂት ፓምፑ ጃንዋሪ ላይ ከተገጠመ የታክስ ክሬዲት አያስገኝም፣ የ2023ቱን ግን አትተዉት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዲሴምበር 2025 ላይ ለሂት ፓምፕ (ቤት የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም የኤሌክትሪክ ማሽን) ቀብድ ከፍላችሁ የተገጠመው ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነው፣ ሻጩ ደግሞ «2,000 ዶላር ከታክስ ታገኛላችሁ» ብሏችኋል። በ2023 ፈርነስና ኤሲ (ማሞቂያና ማቀዝቀዣ) ቀይራችሁ ነበር፣ ያኔ ግን ምንም አልጠየቃችሁም። እኛም ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፣ ይሄን ነገር አንድ ክረምት ሙሉ ስከታተለው ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ።

መጥፎውን ላስቀድም። የሂት ፓምፑ አይሆንም። ኃይል ቆጣቢ የቤት ዕቃ ለገጠመ ሰው ከፌዴራል ታክሱ ላይ የሚቀነስለት ክሬዲት እስከ 2032 እንዲቆይ ነበር የታሰበው፣ ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ላይ ቆረጠው። የሚታየው ገንዘቡን የከፈላችሁበት ቀን ሳይሆን ገጠማው ያለቀበት ቀን ነው። ቀብዱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዋጋውን ዲሴምበር ላይ ብትከፍሉም ለውጥ የለውም። «ደረሰኙን በዲሴምበር እንጻፈው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ደግሞ እባክሽ እሺ እንዳትይ። ታክሱ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ፣ ሻጩ አይደለም። ይልቅ የመብራት ካምፓኒያችሁ ጋ ደውሉና የኢምፓወር ሜሪላንድ ሪቤት (ኃይል ቆጣቢ ዕቃ ለገዛ ሰው የሚመለስ ገንዘብ) እንዳለ ጠይቁ። እሱ ከፌዴራል ታክሱ ጋር አይገናኝም፣ ግን ማመልከቻው የጊዜ ገደብ ስላለው ዛሬ ነገ አትበሉ።

አሁን ወደ 2023ቱ። እኔ እዚህ ላይ ነው ብዙ የምለው፣ ምክንያቱም የኛም ታሪክ ይሄው ነው።

በ2023 አሮጌውን ፈርነስ አስወጥተን ሂት ፓምፕ አስገባን። 11,400 ዶላር ወጣብን። ከመብራት ካምፓኒው የ1,000 ዶላር ቼክ መጣልን። ታክስ የሚሠራልን ሰው ስለ ቤቱ አልጠየቀንም፣ እኛም አልነገርነውም። በዓመቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲያወራ ሰማሁና ቤት ገብቼ ክሬዲቱ የሚጠየቅበትን ፎርም 5695ን አወጣሁ። የሚሞላው ክፍል ሁለት ነው። ሪቤቱ መጀመሪያ ይቀነሳል፣ ስለዚህ 10,400 ቀረ። 30 ከመቶው 3,120 ነው፣ ጣሪያው ግን 2,000። ደስ አለኝ። ከዚያ ዋናው የታክስ ፎርም፣ 1040 ላይ መስመር 18ን አየሁ፦ የዚያ ዓመት ታክሳችን 1,640 ብቻ ነበር። ያገኘነውም 1,640 ነው። 360ዋ ቀረች፣ ወደሚቀጥለው ዓመትም አትሻገርም። ይሄ ክሬዲት ያለብሽን ታክስ ይቀንሳል እንጂ ከዜሮ በታች ወርዶ ሪፈንድ አይሆንም። ሻጮቹ ይሄንን አይናገሩም፣ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ቆጥሮ ብድር ይገባበታል። በጣም ያሳዝነኛል።

ልጆች ካሏችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። «የልጆቹ ክሬዲት ታክሱን ስለሚጨርሰው ይሄ ምንም አይጠቅመንም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚቀነሰው የቤቱ ነው፣ የልጆቹ ከሱ በኋላ ይመጣል። ከልጆቹ ክሬዲት የተረፈው ደግሞ፣ በ2023 ለአንድ ልጅ እስከ 1,600 ዶላር ድረስ፣ በሪፈንድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሳታሰሉት አትተዉት።

የናንተ ፈርነስና ኤሲ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ከዋጋው 30 ከመቶ፣ ቢበዛ 600፣ ሁለቱም ካለፉ 1,200 ይሆናል። የገጠማው የጉልበት ዋጋም ይቆጠራል። (መስኮትና ኢንሱሌሽን ቢሆን የዕቃው ብቻ ነበር።) የምትኖሩበት ቤት መሆን አለበት፣ ያከራያችሁት ከሆነ አይሆንም። ችግሩ የዕቃው ደረጃ ነው። ኢነርጂ ስታር የሚል የኃይል ቁጠባ ተለጣፊ ያለው ሁሉ አያልፍም። የጋዝ ፈርነስ ብቃቱ 97 ከመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ተራ 80 ከመቶ ፈርነስ ከሆነ እርሱት።

እንዴት ታውቂያለሽ? የኛ ደረሰኝ ላይ የነበረው «ማሞቂያና ማቀዝቀዣ፣ 11,400» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የሞዴል ቁጥር የለም። በስልኬ መብራት ቤዝመንት ወርጄ የማሽኑን ሽፋን ከፈትኩ፣ ከውስጥ የተለጠፈችውን ወረቀት አቧራዋን ጠርጌ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ደግሞ ውጭ ባለው ማሽን ላይ፣ ግድግዳው በኩል ያለችውን የሞዴል ቁጥር የተጻፈባትን ብረት አነሳሁ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ምክንያቱም የኤሲም የሂት ፓምፕም ብቃት የሚለካው የውጭውና የውስጡ ተጣምረው ነው። ቁጥሮቹን ይዤ የገጠመልን ካምፓኒ ጋ ደወልኩና የኤኤችአርአይ ሰርተፊኬት (የሁለቱን ጥምር ብቃት የሚያሳይ ወረቀት) እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ። ሦስት ጊዜ ነው የደወልኩት። ከፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ዕቃው ለክሬዲቱ ብቁ ነው የሚለውን ወረቀት አወረድኩ። ወረቀቶቹን ከታክሱ ጋር አትልኩም፣ ቤት አስቀምጧቸው። ለ2025 ገጠማ የሚጠየቀው ፊደልና ቁጥር ያለበት ባለ አራት ምልክት የፋብሪካ ኮድም የ2023ን አይመለከትም፣ በሱ አትጨነቁ።

ዕቃው ደረጃውን ካለፈ የ2023ን ታክስ በማስተካከያው ፎርም፣ በ1040-ኤክስ ታስተካክላላችሁ። ኤፕሪል 2024 ላይ ፋይል አድርጋችሁ ከሆነ እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2027 ጊዜ አላችሁ። እኛ አራት ወር ገደማ ጠብቀን ቼኩ በፖስታ መጣ።

ዛሬ ማታ ቤዝመንት ውረጂና የፈርነሱን ወረቀት ፎቶ አንሺ። ቁጥሩን እዚህ ከለጠፍሽው አብረን እናየዋለን፣ ሲሪያል ነምበሩን ግን ሸፍኚው።