በአምባሰል የምፈትነው ጊታር

የተከበራችሁ ወጣቶች፣

ደሴ ውስጥ በእንጨት ሥራና በጊታር ጥገና ዕድሜዬን ገፍቻለሁ። ከዋንዛ እንጨት ገላ ቀርጻችሁ፣ አንገት ገጥማችሁና ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን) በስታኞ በይዳችሁ በእጃችሁ የሠራችሁትን ኤሌክትሪክ ጊታር ስታሳዩኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ሆኖም አብዛኞቻችሁ ድምፁን ከማጉያው በሰማችሁበት ዕለት ሥራው እንዳበቃ ትቆጥራላችሁ፤ ለእጅ የሚመችና ቅኝት የሚጠብቅ ጊታር የሚወጣው ግን ከዚያ በኋላ ባለው ዝግ ያለ ሥራ ነው።

አዲስ ክር አድርጉና ከአንገቱ ጀምሩ። የመጀመሪያውን ፍሬት (ፍሬት በአንገቱ ላይ አግድም የተተከለ ቀጭን ብረት ነው) እና አንገቱ ከገላው የሚጋጠምበትን ፍሬት በአንድ ጊዜ ስትጫኑ፣ በ7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መታየት አለበት። ክፍተቱ ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ አጥብቁ፤ በአንድ ጊዜ ግን ከሩብ ዙር አትለፉ። ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አድርጉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበት አጥንት ነው። እኔ የምፈትሸው በአምባሰል ቅኝት ነው። አምባሰል ከሚ ሲነሣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናል፤ በተለመደው የጊታር አቃቃኝ ፋ በቀጭኑ ክር፣ ዶ ደግሞ በሁለተኛው ክር የመጀመሪያ ፍሬት ላይ ይገኛሉ። የአጥንቱ ቦይ ከፍ ካለ፣ ክሩ ወደ ፍሬቱ ሲጫን ከልክ በላይ ስለሚወጠር ፋው ይሾላል፣ ማለትም ድምፁ ከልኩ ከፍ ይላል፤ ከሚ እስከ ፋ ያለው ጠባብ ርቀት ይሰፋና ዜማው መልኩን ያጣል። የወሎ ጆሮ ይህን ወዲያው ያውቃል። እንግዲህ 3ኛውን ፍሬት ተጫኑና ክሩ ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ በስስ ወረቀት ውፍረት ብቻ ከፍ እስኪል ድረስ ቦዩን በቀጭን ሞረድ እየሞረዳችሁ፣ በየጊዜው እየቃኛችሁ አድምጡ። ቦዩ አንዴ ከጠለቀ ክሩ ይንጫጫል፤ አጥንቱንም መለወጥ ግድ ይሆናል።

በመጨረሻ በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ነካ አድርጋችሁ የምታገኙትን የጠራ ድምፅ ተጭናችሁ ከምታገኙት ጋር አስተያዩ። የተጫናችሁት ከሾለ፣ በድልድዩ (ክሮቹ በገላው በኩል በሚያርፉበት) ላይ ያለውን የክር መቀመጫ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ከወረደ ደግሞ ወደ ፊት ግፉት።

ስለ ቀለም ቅብ ከራሴ ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ነሐሴ ላይ፣ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን በሸፈነበት ቀን፣ ቀጠሮ ላለማፍረስ ብዬ ላከር (በቲነር የሚቀጥን የእንጨት ቅብ) ረጨሁ። ጥቁር ቡናማው ገላ ዓይኔ እያየ ወተት እንደፈሰሰበት ነጣ። ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት በላዩ ይጤዛል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። ፀሐያማና ደረቅ ቀን ጠብቁ፤ ስስ ስስ አድርጋችሁ ደራርቡ። በሚገባ ከደረቀ በኋላ በውሃ በራሰ በ1000፣ ቀጥሎም በ2000 ቁጥር ወረቀት አለስልሱት። የአንገቱን ጀርባ ግን አታብለጭልጩት፤ ላብ ያለበትን እጅ ይይዛል።

በክረምት የጨረሳችሁትን ጊታር በጥር ወይም በየካቲት እንደገና አንሡት። እንጨቱ በበጋ ስለሚሰበሰብ የፍሬቶቹ ጫፎች ከአንገቱ ጠርዝ ብቅ ይላሉ፤ መዳፋችሁን በሁለቱም ጎን ቀስ ብላችሁ አንሸራቱና የሚቧጥጣችሁን ጫፍ ሁሉ በሞረድ አለዝቡ።