ሆዱ ውጭ ያለ ፍጥረት

ጅማ ክረምት ሲገባ የማይሻግት ነገር የለም። ቀበቶዬ ሳይቀር ነጭ ለብሷል። ለዚህ ነው መሰለኝ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ሁሉ ሻጋታና እንጉዳይ የሆኑት።

«ከግቢያችን ጀርባ የቡና ገለባ ተከምሯል። በአካፋ ስገልጠው ውስጡ ነጭ ክር ሞልቶታል፣ ይሞቃል፣ እንፋሎትም ይወጣዋል። አፍም ጥርስም የሌለው ነገር ገለባ እንዴት ይበላል?» (ከጅሬን)

ወዳጄ፣ እኛ ጎርሰን ነው የምንፈጨው፣ ፈንገስ (ሻጋታም እንጉዳይም የሱ ወገን ናቸው) ደግሞ ፈጭቶ ነው የሚጎርሰው። ያየኸው ነጭ ክር አካሉ ነው። ከክሩ ጫፍ ኢንዛይም፣ ማለትም እንደ መቀስ የሚቆራርጥ ፕሮቲን፣ ገለባው ላይ ይለቃል፣ ኢንዛይሙ ገለባውን ወደ ስኳር ይቆራርጠዋል፣ ስኳሩ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ክሩ ይመጠዋል። ሆዱ ውጭ ነው ማለት ይቻላል።

ገለባው ውስጥ ሴሉሎስ የሚባል ነገር አለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የግሉኮስ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ገመድ በለው። ይሄን ገመድ አንድ ኢንዛይም ብቻውን አይጨርሰውም። አንዱ መሃሉን ይበጥሳል። ሌላው የተበጠሰውን ጫፍ ይዞ፣ ገመዱ ላይ እየሄደ፣ ሁለት ሁለት ቅንጣት እያደረገ ይቆርጣል። ሦስተኛው ጥንዶቹን ይለያያቸዋል፤ ያኔ ግሉኮስ ሆነ ማለት ነው። ገመዶቹ በጣም ተጠጋግተው ለመቀስ ቦታ የሚያሳጡበት ጊዜም አለ። እዚያ ላይ መዳብ የያዙ ኢንዛይሞች አሉ፣ ሳይንስ ሥራቸውን በደንብ የተረዳው ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ እነሱ ጠጣሩን ገጽ በኦክስጅን ኃይል ሰንጥቀው ለሌሎቹ በር ይከፍታሉ።

ሙቀቱስ? ፈንገሱና አብረውት ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ሲጠቀሙበት የሚወጣ ነው፤ ክምሩ ደግሞ እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያስቀረዋል። በነገራችን ላይ ገለባውን አታቃጥለው። ኦይስተር እንጉዳይ በደንብ ይበቅልበታል፤ የእንጨትን ጥንካሬ የሚሰጠውን ሊግኒን ጭምር መስበር የሚችል ዘር ነው።

«ሴሉሎስም የእንጀራው ስታርችም ከግሉኮስ የተሠሩ ከሆኑ፣ ሣር በልቼ ለምን አልጠግብም?» (ተማሪ፣ ከሄርማታ)

ጎበዝ! ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ስታርች ውስጥ ቅንጣቶቹ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል፣ ምራቅሽ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ሳይቸገር ይቆርጠዋል። ሴሉሎስ ላይ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ከጎረቤቱ ተገልብጦ ነው የተያያዘው፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ከሌሎቹ ጋር ይጣበቃል። ለሱ የሚሆን ኢንዛይም የለሽም። ላሟም የላትም እኮ! የሚፈጩላት ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው።

«ቡና ማጠቢያ ነው የምሠራው። የተፈለፈለው ቡና ገንዳ ውስጥ ሲያድር ዝልግልጉ በራሱ ይለቃል። ፈንገስ ነው?» (ከማና)

ብቻውን አይደለም። ዝልግልጉ ውስጥ ፔክቲን አለ፣ ማርማላታን የሚያረጋው እሱው ነው። ገንዳው ውስጥ ባክቴሪያው፣ እርሾው (እሱ ፈንገስ ነው) እና የፍሬው የራሱ ኢንዛይም ተባብረው ይበጣጥሱታል። በፋብሪካ ተመርቶ የሚሸጠው ፔክቲኔዝ፣ ማለትም ፔክቲንን የሚቆርጠው ኢንዛይም፣ ግን በአብዛኛው አስፐርጂለስ ናይጀር ከሚባለው ጥቁር ሻጋታ ነው የሚገኘው፤ ጭማቂ ማጥሪያ ነው። እጅዎን ገንዳው ውስጥ ከተው ፍሬውን ሲያሹት ማንሸራተቱን ትቶ እንደ ጠጠር ከሻከረ፣ የፔክቲኑ ነገር አልቋል፣ ይጠቡት። ከዚያ በላይ ካቆዩት ይኮመጥጣል።

«እንጀራው ላይ የሻገተውን ቆርጬ ጥዬ ቀሪውን ብፈረፍረውስ?» (ከቆጪ)

ይቅርብዎት እናቴ። የሚታየው አረንጓዴው ብቻ ነው፣ ክሩ ግን ወደ ውስጥ ዘልቋል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ በእሳት አይጠፋም። ለእንጀራ ማዘንዎ ይገባኛል፣ እኔም ያሳዝነኛል።

«የጂንስ ሱሪ በፈንገስ ይታጠባል የሚባለው እውነት ነው?» (ከመርካቶ)

በፈንገሱ ሳይሆን በኢንዛይሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓስፊክ ደሴቶች ላይ የአሜሪካ ጦር ድንኳንና ልብስ እየበሰበሰ አስቸግሮ ነበር። ጥጥ ሴሉሎስ ነዋ! ከሰለሞን ደሴቶች ከተገኙት ሻጋታዎች አንዱ ኋላ ትሪኮደርማ ሪሴይ ተባለ። ዛሬ ፋብሪካዎች ከሱ ዘር የሚያወጡት ኢንዛይም የጂንሱን ላይ ላዩን ትንሽ በልቶ ያረጀ ያስመስለዋል። ጠላት የነበረው ተቀጣሪ ሆነ።

«ዝናብ ሲጥል ኩይሳ ላይ የሚወጣው እንጉዳይ ማን ዘርቶት ነው?» (ከሰቃ)

ምስጡ። አንዳንድ የምስጥ ዓይነቶች እንጨትና ቅጠል አኝከው ኩይሳው ውስጥ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አልጋ ይሠራሉ፣ ቴርሚቶማይሲስ የሚባል ፈንገስ ያበቅሉበታል። ፈንገሱ ይፈጭላቸዋል፣ እነሱ ይበላሉ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ያረሱ ገበሬዎች ናቸው። ለቅመህ ስትጨርስ ኩይሳውን አትናደው፣ አልጋው ከተረፈ ሌላም ክረምት ትለቅማለህ። የማታውቀውን እንጉዳይ ግን እንዳትነካ።