ጥያቄና መልስ፦ ከውቅያኖስ ቋጥኝ ላይ ዓሣ ማጥመድ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምንኖረው ሲድኒ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ እያጠመድን ስላደግን ለማጥመዱ አዲስ አይደለንም። ውቅያኖስ ዳር ካለ ቋጥኝ ላይ ግን ሞክረን አናውቅም። ቅዳሜ ሦስት ሆነን ልንሄድ አስበናል። ትንበያው ማዕበሉ 1.5 ሜትር ነው ይላል። ያሰጋል? ደግሞስ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስና መንጠቆው ድንጋይ ውስጥ እየተቀረቀረ እንዳያልቅብን ምን እናድርግ?

መልስ፦ 1.5 ሜትር የትልቁ ማዕበል ቁመት አይደለም። ትንበያው የሚሰጣችሁ ከፍ ከፍ ያሉትን አንድ ሦስተኛ ማዕበሎች ለይቶ አማካያቸውን ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን አልፎ አልፎ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል። ከጎኑ በሰከንድ የተጻፈውንም እዩት፤ በአንዱና በሚቀጥለው ማዕበል መካከል ያለው ጊዜ ነው። ቁመታቸው እኩል ሆኖ ባለ 14 ሰከንዱ የባለ 7 ሰከንዱን እጥፍ ኃይል ተሸክሞ ይመጣል። የሚያታልለውም እሱ ነው፤ ባሕሩ ለደቂቃዎች ጸጥ ይልና ትልልቆቹ ተከታትለው መጥተው ቋጥኙን ያጥቡታል። ቅዳሜ 1.5 ሜትር በ14 ሰከንድ ከሆነ ለጀማሪ አይሆንምና ቅሩ።

ትንበያው ቢያምርም ከመውረዳችሁ በፊት ከላይ ሆናችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ባሕሩን ተመልከቱ። ቋጥኙ ከረጠበ ማዕበል ይደርስበታል ማለት ነው፤ እዚያ አትቁሙ። ላይፍ ጃኬት በ2016 በወጣው የኒው ሳውዝ ዌልስ ሕግ ግዴታ የሆነው አደገኛ ተብለው በተለዩ ቦታዎች ነው፤ ሲድኒ ውስጥ ያለው የራንድዊክ አካባቢ አንዱ ነው። እናንተ ግን የትም ቢሆን አታውልቁት፤ የማንሳፈፍ ደረጃው 50 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ቦቲ ጫማ ውሃ ይሞላልና ተዉት። ዕድሜው 18 የሞላው ሁሉ፣ በሕግ ነጻ ካልተደረገ በቀር፣ የማጥመጃ ክፍያ ቀድሞ መክፈል አለበት።

ወደ መቀርቀሩ እንምጣ። ዋናው ክር 10 ኪሎ የሚችል ከሆነ፣ እርሳሱን 4 ኪሎ ላይ በሚበጠስ አጭር ክር ለብቻው እሰሩት፤ ሲያዝ የሚበጠሰው እሱ ብቻ ይሆናል። ከዚህ የሚሻለው ግን ተንሳፋፊ ቡሽ ነው። መንጠቆውን ከቡሹ 2 ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ፣ ዳቦ ወይም ሽሪምፕ ሰክታችሁ፣ ማዕበሉ ተሰብሮ ነጭ አረፋ ወደሚሠራበት ወርውሩ። ድራመርና ብሪም የሚባሉት ዓሦች የሚመገቡት እዚያ ነው። የደረቀ ዳቦ በባሕር ውሃ አርሳችሁ በየጥቂት ደቂቃው አንድ እፍኝ ጣሉላቸው፤ ካበዛችሁት ጠግበው መንጠቆውን ይንቁታል።

ከተቀረቀረ ዘንጉን ወደ ላይ አትጎትቱ፣ ይሰበራል። በክሩ አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ክሩ የሚጠቀለልበትን ሪል በእጃችሁ አፍናችሁ፣ በዝግታ ሳቡ። ክሩን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፣ ሥጋ ይቆርጣል።

ለአንድ መንጠቆ ወይም ለተያዘ ዓሣ ብላችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ታች እንዳትወርዱ። ዓሣውን ማዕበል እስኪያነሣው ጠብቁና አብራችሁ ሳቡት፤ ለዚህም ከ3 ሜትር የማያንስ ዘንግና ረጅም እጀታ ያለው መረብ ያስፈልጋል። ከሦስታችሁ አንዱ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያድርግ። ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ ተንሳፋፊ ነገር ወርውሩለትና ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ደውሉ። የወደቀውም ወደ ቋጥኙ ለመውጣት መታገሉን ትቶ ወደ ጥልቁ ይራቅና እርዳታ ይጠብቅ።

ድራመር ከ30፣ ብሪም ከ25 ሳንቲ ሜትር ካነሰ መልሱት። ያስቀራችሁትን ወዲያው ጉሮሮውን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱና በረዶ ውስጥ ክተቱት። የድራመር ሆድ ዕቃ ደግሞ ቶሎ ካልወጣ ሥጋውን ያሸተዋል።