28 ሺህ ብሩ አይደለም የሚያስፈራው

ጥያቄ፦
ሰላም እታለም፣ እንደምን አለሽ? 23 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ፔዳ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ደሞዜ 3,500 ብር ነው፣ ምሳ እዚያው እበላለሁ። የፀጉርና የሜካፕ ሥራ መማር እፈልጋለሁ። የጠየቅሁበት ትምህርት ቤት የቀኑን፣ ለ6 ወር 28,000 ብር ነው ብሎኛል። ዕቃ ራሴ እገዛለሁ፣ እሱም ወደ 9,000 ይሆናል። ቅዳሜና እሁድም አለ፣ ክፍያው ያው ነው፣ 10 ወር ስለሚፈጅ ግን ተውኩት። የእቁብ 40,000 ብር ደርሶኛል። ጓደኛዬ ሳሎን ውስጥ በወር 20 ሺህ እንደምታገኝ ነግራኛለች። እናቴ ደግሞ "የያዝሽውን ሥራ ትተሽ!" እያለች ታስፈራራኛለች። ለበዓል የሰፈር ልጆችን ሹሩባ እሠራለሁ፣ በሰው 150 ይሰጡኛል፣ እሱ እንኳ ሥራ አይባልም። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?
ከአባይ ማዶ

መልስ፦
የኔ እህት፣ ግቢ። ግን በቀኑ አይደለም፣ በዚያ በተውሽው በቅዳሜና እሁዱ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ሒሳብ ስለሆነ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

አንቺ ወጪዬ 37 ሺህ ነው ብለሽ ነው ያሰብሽው። እቁቡ 40 ነው፣ 3 ሺህም ይተርፈኛል ብለሽ። ካፌውን ስትለቂ ግን የ6 ወር ደሞዝ ቀረ፣ እሱ 21 ሺህ ነው። ድምሩ 58 ሺህ። ምሳውም ከቤት ሊሆን ነው፣ ባጃጁም አለ፣ 60 ሺህ በይው። ትምህርት ቤቱ ይኼን አይነግርሽም፣ ያንቺ ደሞዝ የሱ ጉዳይ አይደለም። በቅዳሜና እሁዱ ከገባሽ 4 ወር ትዘገያለሽ እንጂ ደሞዙ አይቀርም። ካፌው ለሁለቱ ቀን በወር 1,000 ብር ቢቆርጥብሽ እንኳ በ10 ወር 10 ሺህ ነው፣ አሁንም ከ21 ሺህ ይሻላል።

አሁን ወደ ጓደኛሽ 20 ሺህ። አልዋሸችሽም። ግን በየትኛው ወር? የኛ ከተማ ፀጉር ቤት የሚኖረው በጾም አቆጣጠር ነው። ጥር ላይ ሙሽራና ሚዜ ተሰልፎ ውሎ ምሳ የሚበላበት ጊዜ አይገኝም፣ ከፋሲካ በኋላም ሚያዝያና ግንቦት ይጦፋል። ሁዳዴ ሲገባ ግን 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ሠራተኞቹ ስልካቸውን እየነካኩ እርስ በርስ ነው ፀጉር የሚሠራሩት። ስለዚህ ጓደኛሽን የሁዳዴውን ጠይቂያት።

በራስሽ ቁጥር እንድትተኪው አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አንድ ሰው በአማካይ 500 ብር ከፈለ እንበል፣ በቀን ሁለት ደንበኛ ያዝሽ፣ በወር 26 ቀን ሠራሽ። 26 ሺህ ገባ። ሳሎኑ ከዚህ የሚሰጥሽ ድርሻ 40 ፐርሰንት ከሆነ 10,400 ብር፣ ከካፌው ደሞዝ በ6,900 ይበልጣል። በዚህ አካሄድ የቀኑ ትምህርት 60 ሺህ በ9 ወር ገደማ ይመለሳል። በቀን አንድ ደንበኛ ብቻ ከሆነ ግን 5,200 ብር ነው፣ ብልጫው 1,700 ብቻ። እንደዚያ ከሆነ 60 ሺህ ለመመለስ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ደግሞ ከተመረቅሽ ማግስት ወንበር የሚሰጥሽ የለም። መጀመሪያ ረዳት ነሽ፣ ፀጉር ታጥቢያለሽ፣ ቢጉዲን ታቀብያለሽ፣ ትጠርጊያለሽ። ያኔ የሚከፈልሽ አሁን ከምታገኚው ብዙም አይርቅም።

ለትምህርት ቤቱ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ስንት ሰው ፀጉር ነው በእጄ የምሠራው? የፕላስቲክ ራስ አይደለም፣ የሰው። እኔ ስሙን የማልጠራው ቦታ ነበር የተማርኩት፣ ሪላክሰርን፣ ፀጉር ማለስለሻውን፣ ያስተማሩን በሰሌዳ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛ "ይለበልበኛል" ስትለኝ "ትንሽ ታገሺ" አልኳት፣ ቶሎ ከታጠበ አይለሰልስም ብዬ። ታጥባ ስትነሳ ከጆሮዋ ጀርባ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቆዳ ተልጧል። አንዳንዱ ሪላክሰር ውስጥ ያለው እኮ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ሳሙና የሚሠራበት ያው ኮስቲክ ሶዳ። ጠርዙን ቫዝሊን መቀባት፣ በዚያ ቀን ያከከችውን ወይም የታጠበችውን መመለስ፣ "ይለበልበኛል" ስትል ወዲያው ማጠብ፣ በመጨረሻም ማርከሻ ሻምፖውን አለመዝለል። ይኼን ሁሉ ያወቅሁት ያቺን ምስኪን ከጎዳሁ በኋላ ነው። ሒሳቡ ከኔ ተቆረጠ፣ እሷም ተመልሳ አልመጣችም።

ሌላው፣ ተማሪዎቻቸው የሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ምዘና ይቀመጡ እንደሆነ ጠይቂ። ቀጣሪ የሚያየው እጅሽን ነው፣ ነገ የራሴን እከፍታለሁ ካልሽ ግን ወረቀቱ ያስፈልግሻል። ከመክፈልሽ በፊት የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ሄደሽ የአጭር ጊዜ ሥልጠና እንዳላቸው ጠይቂ። የባጃጅ ብር ነው የሚፈጅብሽ። የ9 ሺውን ዕቃ ደግሞ አንዴ አትግዢ። ሪላክሰሩም፣ ዊጉም፣ ጄሉም ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ገበያ ወጥተሽ ታውቂዋለሽ። የሚማሩበትን ሳምንት እየጠበቅሽ ግዢ።

ሹሩባውን "ሥራ አይባልም" ማለትሽ ግን አናደደኝ፣ እውነቴን ነው። መብራት ሲጠፋ ካስኩ ይቆማል፣ ፒያስትራውም ይቀዘቅዛል፣ ሹሩባ የምትሠራዋ ግን መስኮት ጋ ወንበሯን አስጠግታ ትቀጥላለች። ሁዳዴም ቢሆን ሰው ሹሩባ ይሠራል። አሁን የምትሠሪላቸውን ልጆች ስልክ መዝግቢ፣ ዋጋሽንም 150 ላይ አትተይው፣ የሰፈርሽን ሴቶች ጠይቀሽ አስተካክይ። ሳሎን ስትገቢ ባለቤቷ መጀመሪያ የምትጠይቅሽ "ደንበኛ አለሽ?" ብላ ነው።

እናትሽን ደግሞ ካፌውን እንደማትለቂ ዛሬውኑ ንገሪያት።